የኬተሪንግ ትምህርት ቤት የራዲዮ ክበብ ታሪክ



የዕድራችን ጸሐፊ ለዘንድሮው መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ሲጠይቁኝ፣ «ጋሼ፣ ስለ ፊዚክስ እንዳይሆን ብቻ» ብለው አስጠነቀቁኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ ላስተማረ ሰው ይህ ከባድ ትእዛዝ ነው። ቃሌን ለመጠበቅ ስል ታሪክ እጽፋለሁ፤ ይሁንና ፊዚክሱ በበር ቢከለከል በመስኮት መግባቱ ስለማይቀር ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የራዲዮ ክበብ ነበረን። ሊቀ መንበር፣ ምክትል ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ማኅተም ሳይቀር ነበረን። ያልነበረን ራዲዮ ነው። ልክ ለመናገር ራዲዮስ ነበር፤ ከውጭ አገር በስጦታ የመጣ፣ ብዙ የአጭር ሞገድ መስመሮች ያሉት ትልቅ መቀበያ፣ በቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይኖር ነበር። «ተማሪ ይሰብረዋል» ተብሎ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ዐየነው። አንደኛው የወላጆች በዓል ቀን ነበር፤ ያን ዕለትም ጠረጴዛ ላይ አበባ ካለበት ማስቀመጫ አጠገብ ተቀምጦ ዋለ እንጂ የኤሌክትሪክ ሶኬቱ ሩቅ ነው ተብሎ ሳይከፈት ተመለሰ። ስብሰባችን ግን አልተቋረጠም፤ ቃለ ጉባኤም በደንብ እንይዝ ነበር።

ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ በዚያው በኛ 1958 እና 1959 ዓ.ም. የእኛው እኩዮች የሆኑ የእንግሊዝ አገር ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር ሆነው በአንድ የአጭር ሞገድ መቀበያ ምን እንደሠሩ ሳነብ ያ ቁም ሣጥን ትዝ አለኝ። ነገሬ ስለ እነዚያ ተማሪዎች ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፤ የኛን ስጠቅስ «ዓ.ም.» እላለሁ።

ኬተሪንግ ከለንደን በስተሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በኖርዛምፕተንሸር የምትገኝ መለስተኛ ከተማ ናት። ስሟ ይነሣ የነበረው በጫማ ሥራዋ ነው። በከተማይቱ የወንዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጄፍሪ ፔሪ የሚባሉ የፊዚክስ መምህርና ዴሪክ ስሌተር የሚባሉ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። ስሌተር በግላቸው የአማተር ራዲዮ ሰው ስለነበሩ አንቴና መዘርጋቱን፣ ጣቢያ መፈለጉን፣ ከጫጫታ መካከል ደካማ ድምፅ ለይቶ ማውጣቱን ያውቁበታል። ፔሪ ደግሞ ሒሳቡን። ለትምህርት ቤት ክበብ ከዚህ የተሻለ ጋብቻ አይገኝም።

የነገሩ መነሻ ስፑትኒክ ነው። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 1957፣ በኛ መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ጨረቃ ወደ ጠፈር ላከች። ክብደቷ 83 ኪሎ ከ600 ግራም፣ የጎኗ ስፋት 58 ሳንቲ ሜትር፣ ከመካከለኛ እንስራ እምብዛም የማትበልጥ ኳስ ነበረች። ሥራዋ በ20 ሜጋሄርትዝ አካባቢና በ40 ሜጋሄርትዝ አካባቢ «ቢፕ፣ ቢፕ» እያሉ መዞር ብቻ ነው። ባትሪዋ እስኪያልቅ 21 ቀን ጮኸች። ሩሲያኖቹ ይህን ሞገድ የመረጡት በዓለም ዙሪያ ያሉ አማተሮች በተራ መቀበያ እንዲሰሟት አስበው ነው፤ መሰማት ፈልገው ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ የሚመጣው ምሥጢር ሁሉ የተገለጠው በዚሁ በተከፈተው በር ነውና።

ፔሪ በመጀመሪያ ይህን ሁሉ የፈለጉት ለስለላም ለዝናም አይደለም። ለተማሪዎቻቸው የዶፕለርን ሕግ በጆሮ ለማሰማት ነበር። ዶፕለር ማለት ይህ ነው፤ ከሩቅ ጥሩምባውን እየነፋ የሚመጣ መኪና ወደናንተ ሲቀርብ ድምፁ ቀጠን ይላል፤ አልፎ ሲሄድ ይወፍራል። መኪናውም ጥሩምባውም አልተለወጡም፤ የተለወጠው መምጣቱና መሄዱ ነው። ሳተላይትም እንዲሁ ናት። በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠች በ20 ሜጋሄርትዝ ስትጮኽ፣ ስትመጣ ሞገዷ 500 ሄርትዝ ያህል ከፍ ይላል፣ ስትሄድ 500 ያህል ዝቅ ይላል። በጆሮ የሚሰማ ልዩነት ነው። ድምፁ ከቀጭን ወደ ወፍራም ፈጥኖ የሚወርድበት ቅጽበት ሳተላይቷ ለአድማጩ እጅግ የቀረበችበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሰዓትና እርሳስ የያዘ ልጅ፣ ጭራሽ የማትታየውን ነገር «አሁን በአጠገቤ አለፈች» ብሎ መጻፍ ይችላል።

(ጸሐፊያችን ሆይ፣ ይኸው ፊዚክሱ ገባ። ከዚህ በኋላ ትንሽ ነው የቀረው።)

የመጀመሪያው ሁነኛ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1960 ሆነ። በግንቦት 15 ቀን፣ በኛ ግንቦት 7 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ሶቪየቶች ሰው ለመላክ ዝግጅት ሲያደርጉ አንድ ትልቅ መንኮራኩር ላኩ፤ ምዕራባውያን «ስፑትኒክ 4» ይሉታል። ከአራት ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል። ከአራት ቀን በኋላ ወደ መሬት እንዲመለስ ሞተሩ ሲነሣ አቅጣጫው ተዛብቶ ኖሮ፣ ሊወርድ ሲገባው ወደ ላይ ወጣ። ከፍ ያለ ሳተላይት አንድ ዙር ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ በተጠበቀበት ደቂቃ አይመጣም፣ ይዘገያል። ለምን ዘገየ ብሎ የጠየቀ አድማጭ፣ ማንም ሳይነግረው የሰማዩ ነገር እንደተበላሸ ያውቃል። ኬተሪንጎች ከዚህ መንኮራኩር የተማሩት ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ድምፁ የሚለውን ለማወቅ ኮድ መፍታት አያስፈልግም፣ የሚመጣበትን ሰዓት መያዝ ይበቃል። እኛም እኮ ጡሩምባ ነፊያችን ገና አፉን ሳይከፍት፣ በዚያ ሰዓት ጡሩምባ ከተሰማ ምን እንደሆነ እናውቃለን።

እንግዲህ በዚያው ወር መጀመሪያ ላይ ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1 ቀን 1960 ጋሪ ፓወርስ የሚባል አሜሪካዊ አብራሪ ዩ-2 በተባለ የስለላ አውሮፕላን ሶቪየት ኅብረትን ከደቡብ ወደ ሰሜን ሊያቋርጥ ሲል ስቨርድሎቭስክ አካባቢ ተመትቶ ወደቀ። ፎቶ እንዲያነሣ ከታዘዘባቸው ሥፍራዎች አንዱ በሰሜን ጫካ ውስጥ የሚገኝ ፕሌሴትስክ የተባለ ቦታ ነበር። ሳይደርስበት ቀረ። የቦታውን ስም ያዙልኝ።

እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ሶቪየቶች ብዙዎቹን ሳተላይቶቻቸውን «ኮስሞስ» እያሉ በቁጥር ብቻ መጥራት ጀመሩ። ኮስሞስ 1፣ ኮስሞስ 2፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ታስ የተባለው የዜና አገልግሎታቸው ከፍታውን፣ አንድ ዙር የሚፈጅበትን ደቂቃ፣ መንገዱ ከምድር ወገብ ጋር የሚያዘነብልበትን ዲግሪ በሐቅ ይናገራል፤ የሥራውን ዓላማና የተተኮሰበትን ቦታ ግን አይናገርም። ስለ ሁሉም የሚባለው «ለሳይንሳዊ ምርምር» ነው። ከመካከላቸው ግን በ20 ሜጋሄርትዝ አካባቢ እየጮኹ፣ ስምንት ቀን ያህል ቆይተው ድምፃቸው ድንገት የሚጠፋ ነበሩ። ስምንት ቀን ቆይቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሳይንቲስት ምንድን ነው? ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ፊልሙን ጨርሶ ይመለሳል። ክፍሉ በፓራሹት ሲወርድም አግኙኝ እያለ በሞርስ ሁለት ፊደል ይደጋግማል፤ እሱንም ጠንቃቃ አድማጭ ይሰማዋል።

የክበቡ የዕለት ተዕለት ሥራ ምን ይመስል እንደነበር ላስረዳ። ዝቅ ብላ የምትሄድ ሳተላይት ምድርን በ90 ደቂቃ ያህል ትዞራለች፤ በቀን 16 ዙር መሆኑ ነው። እሷ ዙሯን እስክትጨርስ ምድርም በበኩሏ ትዞራለችና፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ 22 ዲግሪ ተኩል ያህል ወደ ምዕራብ ፈቅ ብላ ነው የምታልፈው። ስለዚህ ከአንድ ከተማ ሆኖ ደኅና አድርጎ የሚሰማት በቀን ለጥቂት ዙር፣ በእያንዳንዱም ከ10 ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ነው። ቀሪውን ጊዜ የሚሰማው ሽሽሽሽ የሚል ጫጫታ ነው። ተማሪዎቹ በተራ ይቀመጣሉ፤ ድምፅ ሲመጣ ሰዓቱን ይጽፋሉ፣ ሲጠፋ ይጽፋሉ፣ በቴፕ ሪከርደር ይቀዳሉ። አንድ ሰከንድ መሳሳት ስምንት ኪሎ ሜትር መሳሳት ስለሆነ ሰዓቱ የትምህርት ቤት ደወል አይደለም፤ ትክክለኛ መሆን አለበት። ምንም ካልተሰማም «አልተሰማም» ተብሎ ይጻፋል። በበኩሌ ከሁሉ በላይ የማደንቀው ይህን መሥመር ነው። ያልሰማውን «ሰማሁ» ብሎ የማይጽፍ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ማሠልጠን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስተማሪ የነበረ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እስከ 1966 ድረስ እነዚህ የፎቶ ሳተላይቶች ሁሉ የሚተኮሱት ከካዛኽስታን ነበር። ሶቪየቶች ቦታውን «ባይኮኑር» ይሉታል፤ ይህም ራሱ ማሳሳቻ ነው፤ ትክክለኛው ቦታ ቲዩራታም ከተባለ የባቡር ጣቢያ አጠገብ ሲሆን እውነተኛዋ የባይኮኑር መንደር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። የሆነ ሆኖ ከዚያ የሚነሡት መንገዳቸው በ52 ወይም በ65 ዲግሪ ያህል የሚያዘነብል ነበር፤ ኬተሪንጎችም ለምደውታል።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 17 ቀን 1966፣ በኛ መጋቢት 8 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ኮስሞስ 112 ተላከ። የዚህኛው ማዘንበል 72 ዲግሪ ሆነ። እንግዳ ነገር ነው። ፔሪ የሰዓት መዝገቡን ይዘው ወደ ኋላ አሰሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሮኬት የተተኮሰበት ቦታ ምንጊዜም በመጀመሪያው ዙር መሥመር ሥር መሆን አለበት፤ ከሌላ ቦታ ሊነሣ አይችልምና። ዛሬ ከሰማነው ዙር ተነሥተን 22 ዲግሪ ተኩል፣ 22 ዲግሪ ተኩል እያልን ወደ ኋላ ብንቆጥር የመጀመሪያውን መሥመር በካርታ ላይ ማስመር እንችላለን። አሠመሩ። መሥመሩ በባይኮኑር አያልፍም። ሳተላይቱ ከሌላ ቦታ ተነሥቷል ማለት ነው። ከየት? አንድ መሥመር ብቻ ሲኖር መልስ የለውም፤ በመሥመሩ ላይ ያለ ቦታ ሁሉ ይሆናል።

በዚያ ዓመት ሌሎችም ተከተሉ፤ ነገር ግን ማዘንበላቸው ከፊተኛው ጋር ተቀራራቢ ስለነበረ መሥመሮቹ ተደራርበው ሄዱ እንጂ አልተቋረጡም። መጠበቅ ነበረባቸው። ሰባት ወር ጠበቁ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 1966፣ በኛ ጥቅምት 4 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ኮስሞስ 129 ሲላክ ማዘንበሉ 65 ዲግሪ ሆነ፤ መሥመሩ ግን እንደገና በባይኮኑር አያልፍም። አሁን የተለያየ አቅጣጫ ያላቸው ሁለት መሥመሮች ተገኙ። ሁለት የእግር ዱካ አግኝታችሁ ወደ ኋላ ብትከተሏቸውና አንድ ደጃፍ ላይ ቢገናኙ፣ ሁለቱም ሰዎች የወጡት ከዚያ ቤት ነው። መሥመሮቹ የተገናኙት ከአርካንጌልስክ ከተማ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ጫካና ረግረግ ብቻ ነው በሚባል አገር፣ ፕሌሴትስክ ከተባለች ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። ፓወርስ ሳይደርስበት የቀረው ቦታ መሆኑ ነው።

ፔሪ ነገሩን ደብቀው አልያዙም፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በእንግሊዝ አገር በሚታተም «ፍላይት ኢንተርናሽናል» በተባለ የአቪየሽን ሳምንታዊ መጽሔት አወጡት። ጋዜጦች ተቀባበሉት። «የትምህርት ቤት ልጆች የሩሲያን ምሥጢር አወጡ» የሚል ነገር ማን ይጠላል!

እዚህ ላይ ግን ሁለት ማስተካከያ ላድርግ፤ ታሪኩ በአፍ ሲነገር እየተጋነነ ስለሚሄድ ነው። አንደኛ፣ ስሌቱ የመምህሩ የፔሪ ሥራ ነው፤ ልጆቹ ብቻቸውን አላገኙትም። የልጆቹ ድርሻ መዝገቡ ነው፤ ያለ መዝገቡ ግን ስሌቱ ባዶ ነው። ሁለተኛ፣ አሜሪካኖች ቦታውን ቀድመው ያውቁት ነበር። አብራሪ የላኩትም ጠርጥረው ነው፤ በኋላም በራሳቸው የፎቶ ሳተላይቶች ዐይተውታል። ነገር ግን ዐይተናል ቢሉ በምን እንዳዩ መናገር ሊሆንባቸው ነውና ዝም አሉ። የእነዚያ የአሜሪካ ሳተላይቶች ፎቶግራፍ ለሕዝብ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ስለዚህ በ1966 ነገሩ እንዲህ ነበር፤ አንዱ ኃያል መንግሥት የራሱን ቦታ ደበቀ፣ ሌላው ኃያል መንግሥት የሌላውን ቦታ ደበቀለት፤ ሁለቱም የሚያውቁትን ለተራው ሰው የነገረው የትምህርት ቤት ክበብ ነው። እኔ ከ«ልጆች አገኙት» ይልቅ ይህኛው ይበልጥ ይደንቀኛል።

ይህን ታሪክ ባለፈው ዓመት ለአንዳንድ ወዳጆቼ ሳጫውት፣ «የሰው ምሥጢር በልጆች ማስጠለፍ ተገቢ ነው ወይ?» ያሉኝ አሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። እኔ ግን እንዲህ አየዋለሁ። ፔሪ ስልክ አልጠለፉም፣ ኮድ አልሰረቁም፣ አጥር አልዘለሉም። በራሳቸው ጣራ ላይ የሚያልፍ ድምፅ ሰምተው ሰዓቱን ጻፉ፤ ያገኙትን ደግሞ ለማንም ለብቻው አልሸጡም፣ በግልጽ አሳተሙት። ሰላይ የሚለየው በመስማቱ ሳይሆን ለማን እንደሚናገር ነው። በኛም አገር ዶይቸ ቬለ በአማርኛ መናገር ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ፣ በተለይም በደርግ ዘመን፣ ራዲዮኑን ብርድ ልብስ አልብሶ ጆሮውን ያስጠጋ ስንት ሰው ነበር! ያን ጊዜ ሰላይ ይባል የነበረው ማን እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። የኬተሪንግ ቡድን እየሰፋ ሄደ። ከስዊድን ስቬን ግራን የሚባል ወጣት ተቀላቀለ፤ በኋላ በአገሩ የጠፈር ኩባንያ የታወቀ መሐንዲስ ሆነ። ሌሎችም ከየአገሩ ገቡ፤ አንዱ ጋ ያልተሰማ ሌላው ጋ ይሰማልና። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ሲነሣ የፎቶ ሳተላይቶች ከተለመደው በላይ ተደጋግመው ተላኩ፣ ከተለመደውም ቀን ቀድመው ይመለሱ ነበር፤ ፊልሙን ቶሎ የሚፈልግ ሰው እንዳለ ከሰዓቱ ብቻ ይታወቅ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት ስለ ሶቪየት የጠፈር ሥራ ባስጠናቸው ትላልቅ ዘገባዎች ውስጥ የፔሪ ጽሑፍ ገብቷል። የእንግሊዝ አይ.ቲ.ኤን. ቴሌቪዥንም የጠፈር ነገር በተነሣ ቁጥር የሚያማክረው እሳቸውን ነበር። በ1973 ከንግሥቲቱ ኤም.ቢ.ኢ. የተባለውን የክብር ሜዳይ ተሸለሙ። እስከ ጡረታ ድረስ ግን አስተማሪ ነበሩ።

አሁን የዕድር ሰዎች በመሆናችን ልብ እንድትሉት የምፈልገው ነገር ላይ ደረስኩ።

ፕሌሴትስክ በይፋ የለም ተብሎ ሳለ ሥራው እየበዛ ሄደ። በአንዳንድ ዓመታት ከማናቸውም የዓለም የጠፈር ጣቢያ ይበልጥ ሮኬት የተተኮሰው ከዚያ ነው። ለሠራተኞቹና ለቤተሰቦቻቸው የተሠራችው ከተማ ስሟ ሚርኒ ነው፤ «ሰላማዊት» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 18 ቀን 1980፣ በኛ መጋቢት 9 ቀን 1972 ዓ.ም. ማታ፣ አንድ ሮኬት ለመተኮስ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀረው ነዳጅ እየተሞላ ሳለ ፈነዳ። ከኮስሞስ 112 መነሣት 14 ዓመት ከአንድ ቀን በኋላ መሆኑ ነው። 44 ሰዎች ወዲያው ሞቱ፤ ሌሎች አራት ከቁስላቸው ሳይድኑ ቀሩ። 48 ሰው። አብዛኞቹ ወጣት ወታደሮች ነበሩ።

በኬተሪንግ መቀበያ ምንም አልተሰማም። ሊሰማም አይችልም። ያልተተኮሰ ሳተላይት ድምፅ የለውም። መዝገቡ ላይ ያን ምሽት ሊጻፍ የሚችለው «አልተሰማም» የሚለው ብቻ ነው።

እኛ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የምናደርገው ምንድን ነው? ድንኳን አይደለም፣ ንፍሮ አይደለም፤ ጡሩምባ ነው። መንደሩ ማን እንደሞተ ሳያውቅ ሊቀብር አይችልም። እዚያ ግን ጡሩምባ አልተነፋም። ሟቾቹ በሚርኒ ተቀበሩ፤ በጋዜጣ አልወጣም፣ በራዲዮ አልተነገረም፤ የለም በተባለ ቦታ ላይ እንዴት ሰው ይሞታል? ይባስ ብሎ መርማሪዎቹ ጥፋቱን በሟቾቹ ላይ ጣሉት፤ የነዳጅ ሥራውን ያበላሹት ራሳቸው ወታደሮቹ ናቸው ተባለ። በተከታዩ ዓመት ግን በሌላ ሮኬት ላይ ያው አደጋ ሊደርስ ለጥቂት ሲተርፍ እውነቱ ታየ። ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የተባለው ፈሳሽ በሚያልፍባቸው ማጣሪያዎች ብየዳ ውስጥ እርሳስ ገብቶ ነበር፤ እርሳስ ያን ፈሳሽ ሲነካው ያፈላዋል። የፋብሪካ ጥፋት እንጂ የልጆቹ አልነበረም። ይህም ቢሆን ለሕዝብ አልተነገረም።

ሶቪየት ኅብረት ፕሌሴትስክ የሚባል የጠፈር ጣቢያ አለኝ ብላ ያመነችው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ፔሪ ካሳተሙት 17 ዓመት አልፎ። የ48ቱ ሰዎች ሞት በአገሪቱ ጋዜጣ የወጣው ደግሞ በ1989 ነው፤ ከቀብራቸው ዘጠኝ ዓመት በኋላ። ሙት ላይ የተጫነው ጥፋት የተነሣላቸው ከዚያም በኋላ ዘግይቶ ነው። የሚርኒ ሰዎች ዛሬ ያን ቀን ያስባሉ፤ በሐይቁ አጠገብ ሐውልት ቆሞላቸዋል።

አንዳንድ ጊዜ፣ ፔሪ ያን ቦታ በ1966 በስሙ ባይጠሩት ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር? እያልኩ አስባለሁ። ሞቱን አላስቀሩም። ነገር ግን በ1983 እመኑ ሲባል የሚታመን ነገር አስቀድሞ በየመጽሐፉና በየካርታው ተጽፎ ነበር። ስም ያለው ቦታ ላይ የሞተ ሰው ቢዘገይም ይጠየቅለታል።

ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ከማስተማር ጡረታ ወጡ፤ በ2000 በ72 ዓመታቸው ዐረፉ። ቡድኑ ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ በየአገሩ ባሉ አባሎቹ ማዳመጡን ቀጥሎ ነበር።

የኛም ነገር ሳይነሣ አይቅር። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና ስትተኮስ በማለዳ ተነሥቼ በቴሌቪዥን ተመለከትኩ። ክብደቷ 70 ኪሎ ያህል ነው፤ ከመጀመሪያዋ ስፑትኒክ ታንሳለች። ከየት እንደተነሣች ለማወቅ መሥመር ማሥመር አላስፈለገኝም፤ ታይዩዋን ተብሎ በግልጽ ተነግሯል። ልጅ ልጄ «አባባ፣ ድምፅ አላት?» ብላ ጠየቀችኝ። አላት አልኳት። «ታዲያ ለምን አንሰማትም?» አለችኝ።

እውነቱን ልናገር። እኔ ራሴ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ፣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ለፊዚክስ ክፍል አንድ ኦስሎስኮፕ በእርዳታ መጣልን። ኦስሎስኮፕ ማለት ድምፅንና ኤሌክትሪክን በመስታወት ላይ በሞገድ ቅርጽ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ዶፕለርን፣ ሌላውንም ሁሉ በዓይን ለማሳየት ከእሱ የተሻለ የለም። የተረከብኩት እኔ ነኝ፤ ቢሰበር ከደመወዜ ይቆረጣል። ቁልፉን ዐሥራ አንድ ዓመት ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። የክፍል ተቆጣጣሪ ሲመጣ አወጣዋለሁ፣ ሲሄድ እመልሰዋለሁ። ተማሪዎቼ የራዲዮ ክበብ እናቋቁም ብለው በጠየቁኝ ጊዜ «መጀመሪያ መተዳደሪያ ደንብ ጻፉ» አልኳቸው፤ ጻፉ።

ጡረታ ስወጣ ዕቃውን በሞዴል 19 ገቢ አድርጌ አስረከብኩ። የንብረት ክፍሉ ሰው ከፍቶ ዐየውና ፕላስቲኩ እንኳ እንዳልተቀደደ ተመልክቶ አመሰገነኝ፤ በርክክቡ ወረቀት ላይም «ያልተነካ፣ በጥሩ ሁኔታ የሚገኝ» ብሎ ጻፈበት። እኔም ፈረምኩ።